ገመድ ላይ የተሰጣው ልብ ወለድ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬ ነዘረ፤ የአማርኛ መምህራችን የላኩልኝ ቴክስት ነበር። ጉርድ ሾላ የሚገኝ የአንድ ቤተ መጻሕፍት የንባብ ክበብ፣ አገራቸውን ባዕድ ስለገዛባቸውና ከአገራቸው ስለተሰደዱ ሰዎች ከተጻፉ ልብ ወለዶች አንዱን መርጠን እንድንጽፍ ተማሪዎችን ጋብዞ ነበርና፣ የኔ ጽሑፍ ተመርጦ ቅዳሜ ሰው ፊት ቆሜ እንዳነበው ተወስኗል ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአራተኛው ከፊቴ የቆሙትን የማላውቃቸውን ሴትዮ አቀፍኳቸው፤ ሴትየዋ መጀመሪያ ቦርሳቸውን ጨበጡ፣ ነገሩን ስነግራቸው ግን ግንባሬን ስመው ተራቸውን ለቀቁልኝ፤ እኔም ከደስታዬ ብዛት የሰሚት ታክሲ መስሎኝ ዘልዬ የገባሁበት ወደ ቦሌ የሚሄድ ሆኖ አትላስ ስደርስ ነው የነቃሁት። ረዳቱ ከት ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን የማያስቀኝ ነገር አልነበረም።

ቤት እንደገባሁ ቦርሳዬን ሳላወርድ ከአልጋዬ ስር ያለውን የጫማ ካርቶን ጎተትኩና ስለ እሱ ጽፌ የተመረጥኩበትን መጽሐፍ ከፈትኩት። ሽታው ወጣ። ካርቶን ውስጥ ሁለት ዓመት ታፍኖ እንኳን አልሞተም። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ስፖርት የተሠራበት ካልሲ እርጥቡን በፌስታል ታስሮ ለሳምንት ሲረሳ፣ አጠገቡ ደግሞ የተበላሸ ሥጋ ቢኖር፣ በዚያ ላይ ዝናብ የመታው ገለባ ቢጨመርበት፤ አፍንጫ ብቻ ደርሶ የሚመለስ ሽታ አይደለም፣ ወርዶ ከምላስ ስር ይቀመጣል። መጽሐፉን አራቅኩት፣ ከዚያ መልሼ አስጠጋሁት፤ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የማደርገው። የሚያቅለሸልሸኝ ሽታው ብቻ ቢሆን ኖሮ ካርቶኑን ድሮ አውጥቼ እጥለው ነበር። መጽሐፉ መሃል ግን አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ። እሱ ምንም አይሸትም። የሚቀፈኝ እሱ ነው።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እማዬና እኔ የምንኖረው ከጉርድ ሾላ ዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው በእትዬ አስካለ ግቢ ነበር። ስድስት የኪራይ ክፍሎች በአንድ ረድፍ ተደርድረው፣ ፊት ለፊታቸው የእትዬ አስካለ ቤት፣ መሃል ላይ አንድ የጋራ ቧንቧ፣ ጥግ ላይ አንድ የጋራ ሽንት ቤት፣ ከውጭ በሩ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ ደግሞ የተወጠረ ረጅም የልብስ ማስጫ ገመድ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ በመጣ ቀን ጄሪካኖቻችን ይሰለፋሉ፤ የእማዬ ቢጫው፣ የጋሽ መኩሪያ ክዳኑ የጠፋውና በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈው፣ የባለሱቁ የሰይድ ጆሮው የተሰበረው። ሰልፉን አይቼ ማን ቤት እንዳለ፣ ማን እንደወጣ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ማወቅ እችል ነበር። ግቢው ጠዋት የሳሙና ውሃ፣ ቀትር ላይ የጋለ ቆርቆሮ፣ አመሻሽ ላይ የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል፤ እኔም ከዓለም ሽታ ሁሉ ትክክለኛው ይሄ ነው ብዬ አምን ነበር።

ግቢው ውስጥ ሥራ ነበረኝ፤ ጸሐፊ ነበርኩ። ቀልድ አይደለም። ድሮ የግቢውን ደብዳቤ ሁሉ የሚጽፉት ጋሽ መኩሪያ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሲይዘው ብዕሩን ለኔ አስረከቡኝ፤ ከአጠገቤ ተቀምጠው የተቀባይ ስም የት እንደሚሰፍር፣ «ጉዳዩ» የሚለው መሃል ላይ ሆኖ ከስሩ እንደሚሰመር፣ መጨረሻው ላይ «ከሰላምታ ጋር» ተብሎ ግልባጭ የሚደርሳቸው እንደሚዘረዘሩ አስተማሩኝ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ «ቀ»ን ስጽፍ እግሯን አስረዝሜ ወደ ግራ እጠመዝዛታለሁ፣ እንደ ማኅተሜ ነበረች። ስለ ቧንቧ ቆጣሪ ማመልከቻ፣ ለዕድር የመቅረት ምክንያት፣ «ተጠቅማችሁ ስትወጡ በሩን ዝጉ» የሚል የሽንት ቤት ማስታወቂያ፣ ሁሉም በኔ እጅ የተጻፈ ነው። ምን እንደምጽፍ የሚጠይቀኝ ሰው ግን አልነበረም፤ ሁሉም የሚያደንቀው እንዴት እንደምጽፍ ነበር።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ የጥጓን ክፍል ሁለት ሱዳናውያን ሴቶች ተከራዩዋት። አንደኛዋ ጥርስ የሌላቸው፣ ሰውነታቸውን በሙሉ በነጭ ቶብ የሚጠቀልሉ አሮጊት ነበሩ፤ ሐቦባ በሉ ተባልን፣ አያት ማለት ነው። ሌላዋ ልጃቸው ኢህሳን፣ ኦምዱርማን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር የነበሩ፤ እኔ በቋንቋቸው መምህርት ለማለት ኡስታዛ እላቸዋለሁ። አሁን ስጽፍ እጄ በራሱ ጊዜ አንቱ ይላቸዋል እንጂ ያኔ ግቢው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ በዕድሜ ከሳቸው ብዙም ከማይበልጡት ከእትዬ አስካለ ፊት ጎንበስ እያልን እሳቸውን «አንቺ» ነበር የምንላቸው። ስደተኛ አንቱ ይባላል ብሎ ያሰበ የለም። ትንሽ ትንሽ አማርኛ ያውቃሉ፤ ያስተማረቻቸው ትምህርት ቤታቸው በር ላይ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ያገራችን ልጅ ስለሆነች ከስኳር ጋር የተያያዘውን ሁሉ አቀላጥፈው ይናገራሉ፣ ከዚያ ውጭ ግን ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። እኔም ከነቀሚሴ «አንተ» ነበርኩ።

የመጡት በሁለት ሻንጣ ነው። አንደኛው ልብስ ነበረው። ሁለተኛው ሲከፈት የግቢው ልጆች ተደርድረን ቆመን፣ ወርቅ ይሆናል፣ ሽቶ ይሆናል እያልን ስንጠብቅ፣ ከላይ እስከ ታች መጽሐፍ፣ መጽሐፎቹ መሃል ደግሞ አንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ወጣ። ጋሽ መኩሪያ ሰው ከጥይት ሲሸሽ ወረቀት ተሸክሞ እንዴት ይሸሻል ብለው ተገረሙ። እኛን ግን ያስገረመን ቆርቆሮው ነው፤ ክዳኑ የተከፈተ ዕለት ከቧንቧው እስከ ውጭ በሩ የቆመ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ።

ከወል ይባላል። ቅጠል ተወቅጦ፣ ማሰሮ ውስጥ ተደርጎ፣ መሬት ውስጥ ሁለት ሳምንት ተቀብሮ እስኪብላላ ከቆየ በኋላ ተድበልብሎ ይደርቃል፤ ትንሽ ተፈርፍሮ ወጥ ውስጥ ሲገባ ሥጋ ይተካል ይላሉ። ሐቦባ የምዕራብ ሱዳን ሰው ናቸው፤ ድንበሩን ካለፉ ጀምሮ ሌላ ምግብ አልወርድ ብሏቸው፣ ገንፎ በከወል ወጥ ብቻ ነበር የሚቀምሱት። ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ፣ ከጥጓ ክፍል ያ ነገር ይወጣል፤ የታጠበ ልብስ ላይ ያርፋል፣ ጸጉር ውስጥ ይገባል፣ እንጀራ ሲቆረስ ከእንጀራው ጋር ይጎረሳል። እትዬ አስካለ መስኮታቸውን በፕላስቲክ አሸጉ። እኔ ደግሞ «ካልሲ ወጥ» የሚል ስም አወጣሁለት፤ ልጆቹ ዜማ ሠርተውለት ሐቦባ በር ላይ ይዘፍኑት ጀመር፣ ሐቦባም የተዘፈነላቸው መስሏቸው ያጨበጭቡ ነበር። የመጀመሪያ ድርሰቴ እሱ ነው።

ከኡስታዛ ጋር ያገናኘን የትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እየተንተባተብኩ ሳነብ ሰምተው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ፤ በዚያው ተዋዋልን። እኔ ፊደል አስተምራቸዋለሁ፣ እሳቸው ልብ ወለድ ያውሱኛል። የፓስታ ካርቶን ቀድጄ በያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ አንድ ፊደል በዚያ በሚያምር እጄ ጻፍኩላቸው፤ እሳቸውም ካርዶቹን እንደ ካርታ ዘርግተው ፊደሎቹን ሲገለብጡ የሚወጣላቸው ጉንዳን የሄደበት ነገር ነበር፤ በጣም እስቅባቸው ነበር፣ አይቆጡም። ልብ ወለዶቹ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ በአንዱ ባዕዳን ባንዲራና የመሬት መለኪያ ገመድ ይዘው ይመጣሉ፣ በአንዱ ሰዎች ሌሊቱን ያላቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ፣ በሌላው ደግሞ አንዲት ልጅ የማታውቀው ከተማ ደርሳ «ከየት ነሽ?» ትባላለች፣ መልሱ መጽሐፉን በሙሉ ይፈጃል። ያኔ ለኔ ይሄ ሁሉ የታሪክ ትምህርት አልነበረም፤ የምጨነቀው ልጅቷ ጀልባው ላይ የረሳችውን ጫማ ታገኘው ይሆን እያልኩ ነበር።

መጽሐፍ ስመልስ ወደድሽው ወይ ብለው አይጠይቁኝም። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ከታሪኩ አንድ ሰው ይመርጡና «ከዚህ ሰው ጋር አንድ ቧንቧ ትጋራለህ?» ይሉኛል። ማንንም በጄሪካን ሰልፍ መመዘን እኛ ግቢ ገብተው የተማሩት ነገር ይመስለኛል። እኔም እንደ ዳኛ ቁጭ ብዬ እፈርዳለሁ፤ ከገዢው ሹም ጋር አልጋራም፣ ጄሪካኑን ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚያስቀምጠው፤ ከሚስቱ ጋር እጋራለሁ፣ ግን ወሬኛ ናት። ሳቃቸው ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ ነው የሚመጣው፤ ሐቦባም ምን እንደተባለ ሳያውቁ አብረው ይስቃሉ።

ችግሩ፣ መጽሐፎቹ ከቆርቆሮው ጋር በአንድ ሻንጣ ነው ድንበር የተሻገሩት። እያንዳንዱ ገጽ ይሸታል። መጀመሪያ አፍንጫዬን በእማዬ ሻርፕ ሸፍኜ አነብ ነበር፤ በኋላ ዘዴ መጣልኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብ ወለዱን ከመሃሉ ከፍቼ፣ በዩኒፎርም ሹራቤና በእማዬ ነጠላ መካከል ገመዱ ላይ በሁለት መቆንጠጫ አሰጣሁት። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሰይድ ከሱቁ ወጥቶ፣ ለምን በሳሙና አሽተሽ አታጥቢውም አለኝ። ኡስታዛ ጄሪካናቸውን ይዘው ከቧንቧው ሲመለሱ አዩት፤ ቆሙ፣ ነፋሱ ገጾቹን ሲያገላብጥ ትንሽ አዩና «ደርቋል?» ብለው ጠየቁኝ። ገና ነው አልኳቸው። ገቡ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ሦስት መጽሐፍ አምጥተው፣ እኔ ሳልጠይቃቸው፣ በገዛ እጃቸው ገመዱ ላይ አሰጡልኝ። ዘዴዬን የወደዱት መስሎኝ ስንት ቀን ኮራሁ መሰላችሁ። ዛሬ የሚዘገንነኝ ያ ኩራት ነው።

ከሁሉም መጽሐፎች ሽፋን የሌለው አንድ ነበር፤ ሽፋኑም የመጀመሪያ ገጾቹም ወድቀው ርዕሱን እሳቸውም አያውቁትም፣ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥበት እንደዚያው የገዙት ነው። ነጮች በሚገዙት አገር እጅ ጽሑፉ የሚያምር አንድ ልጅ ለአውራጃው ገዢ ጸሐፊ ሆኖ ይቀጠራል። እስከ መሃሉ አነበብኩና ፈተና ደርሶ መለስኩት፤ እውነቱን ለመናገር ግን ፈተናው ብቻ አልነበረም፣ ሰልችቶኝ ነበር። እኛ እኮ ቅኝ አልተገዛንም አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ፣ ይሄ ታሪክ እኛን አይመለከትም።

ኡስታዛ አልተከራከሩኝም። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አሰቡና «ለዚህ ነው አንተ ማንበብ ያለብህ» አሉኝ። «እኛ ደብዳቤው እንዴት እንደሚጀምር እናውቃለን። አንተ አታውቅም።»

ምን ደብዳቤ እንደሆነ አልገባኝም። አልጠየቅኩምም።

ክረምቱ እንደወጣ የግቢው ሰው ማጉረምረሙን ትቶ መነጋገር ጀመረ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ መኩሪያ በር ላይ ተሰበሰብን፤ ለእትዬ አስካለ በቃል መናገር ስለማይበቃ አቤቱታ በጽሑፍ ይቅረብ ተባለ፣ ጋሽ መኩሪያ አጻጻፉን ሊመሩ፣ ፍሬ ነገሩን እማዬ ልትናገር፣ ልጽፍ እኔ። እማዬ ይሄን ያህል ትንገበገባለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። እማዬ እኮ እኔ ከመወለዴ በፊት ስምንት ዓመት ካርቱም ሰው ቤት ሠርታለች፣ አረብኛ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች፤ ለነኡስታዛ ግን አንድ ቀን እንኳን አንዲት የአረብኛ ቃል አልወጣትም፣ ቧንቧ ላይ ሲገናኙ ዞር ብላ ታልፋለች። ወረቀቱን ይዤ በጆሮዋ፣ ከወል ምን እንደሆነ ታውቂው የለ እንዴ፣ በሽታ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለኔ ብቻ፣ እንዲህ አለችኝ፤

«ስምንት ዓመት ሙሉ በሰው ኩሽና ያንን ነገር ሳማስል ሽታው ከጸጉሬ አልወጣ ብሎኝ ነበር። አሁን ደግሞ ተከትሎኝ ቤቴ ይምጣ?»

ከዚያ በኋላ ጻፍኩ። ውለታቸውን አልረሳሁትም፣ ጥጓ ክፍል ውስጥ የተደረደሩት መጽሐፎች በዓይኔ መጡ፤ ግን ሰው ሁሉ ከቦኝ ብዕሬን ያያል፣ ጋሽ መኩሪያ «ቀጥይ የኔ ልጅ» ይሉኛል፣ ቃላቱም ደግሞ በራሳቸው ይመጡልኝ ጀመር፤ ጻፊ ከተባልኩት በላይ አሳመርኩት። ይኸውና፤

«ጉዳዩ፦ የግቢያችንን ጤና አጠባበቅ ይመለከታል። በጥጓ ክፍል የሚኖሩት ግለሰቦች ምንነቱ ያልታወቀ ነገር በማብሰል ከአካባቢያችን ባህል ጋር የማይስማማ ጠረን እያሰራጩ በመሆናቸው፣ ግለሰቦቹ ለራሳቸውም ምቾት ሲባል ወደሚስማማቸው ቦታ እንዲዛወሩ ክብርነትዎን በታላቅ ትሕትና እንጠይቃለን።»

ምንነቱ ያልታወቀ ያልኩት፣ ቆርቆሮውን በእጄ የያዝኩት እኔ ነኝ። «ለራሳቸውም ምቾት ሲባል» የሚለውን ማንም አልነገረኝም፤ የኔ ነው፣ ከኡስታዛ ልብ ወለዶች በአንዱ አንድ ሹም እንደዚህ ለስላሳ አድርጎ ሲናገር አንብቤ ወድጄለት የያዝኩት። ሁሉም ፈረመ። ያልፈረመው ሰይድ ብቻ ነው፤ ጉንፋን ይዞኛል፣ ምንም አይሸተኝም አለ፤ ክረምት ከበጋ የማይለቅ ምን ዓይነት ጉንፋን ነው ብለው ሲያፌዙበት፣ የወሎ ጉንፋን እንደዚህ ነው ብሎ ወደ ሱቁ ገባ። እትዬ አስካለ ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡና፣ አንድ ወር እሰጣቸዋለሁ አሉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ይቺ ልጅ ደራሲ ትሆናለች አሉ።

በሕይወቴ ደራሲ የተባልኩት ያን ቀን ነው። ከጆሮዬ እስከ እግር ጥፍሬ ሞቀኝ። ሐሙስ ዕለት መገናኛ ላይ ያ ሙቀት ሲመጣብኝ አወቅኩት፤ ያው ነው፣ ያው ቦታ ነው የሚጀምረው፣ ያው ነው ጣዕሙ።

ሦስት ቀን ቆይቶ ኡስታዛ ወረቀት ይዘው ወደኛ ደረጃ መጡ። እትዬ አስካለ የሚያነብልሽ ፈልጊ ብለው ሰጥተዋቸው ኖሯል። አጠገቤ ተቀመጡ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡና አንብብልኝ አሉኝ። የራሴን ደብዳቤ። በጣቴ መስመር በመስመር እየተከተልኩ በእንግሊዝኛ ሌላ ነገር ፈጠርኩላቸው፤ የእትዬ አስካለ የእህት ልጅ ከገጠር ልትመጣ ስለሆነ ክፍሉ ተፈልጓል፣ በጣም አዝነዋል፣ አንድ ወር ጊዜ ሰጥተዋችኋል። እሳቸው ፊቴን አላዩም። ጣቴን ነበር የሚያዩት።

«የኛ ስም አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

አለ አልኳቸው።

«የት?»

ጣቴን «ግለሰቦች» የሚለው ላይ አደረግኩ። ኡስታዛ ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከንፈራቸው በዝግታ ይንቀሳቀስ ነበር፣ የፓስታ ካርቶኑን ፊደል ሲያነቡ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው፣ አመሰግናለሁ ብለውኝ ገቡ።

ወሩ ሳይሞላ አንድ ጠዋት ሄዱ። ሐቦባ ታክሲው ውስጥ ሆነው ለልጆቹ አጨበጨቡላቸው። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ነበር፤ ስወጣ ደረጃችን ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ያ ሽፋን የሌለው ልብ ወለድ ተቀምጧል። ሽታው መታኝ፤ ፌስታሉን ሳልፈታ ካርቶን ውስጥ ወረወርኩት። ግቢው ከዚያ በኋላ የሳሙና፣ የቆርቆሮና የቁሌት ብቻ ሆነ፤ እንደፈለግነው። ግን ምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሆነ ቀን ንጹሑ አየር ራሱ ያስጠላኝ ጀመር።

በዓመቱ እትዬ አስካለ ግቢውን ሸጡትና ለኛም አንድ ወር ተሰጠን፤ ወደ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ለመግባት ዕቃ ስናስር ነው ፌስታሉን የፈታሁት። ወረቀቱ የነበረው እኔ ካቆምኩበት ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ ነው። ቆሜ አነበብኩት። እጁ የሚያምረው ልጅ የአውራጃው ገዢ የነገረውን ይጽፋል፤ የገዛ መንደሩ ሰዎች ከውሃ ጉድጓዳቸው ለጽዳትና ለራሳቸው ደኅንነት ሲባል እንዲነሡ። ልጁ ፊደሎቹን አሳምሮ ይጽፋቸዋል፣ ገዢውም ትከሻውን መታ መታ ያደርግለታል። እዚያ ገጽ ላይ የኔ ደብዳቤ ታጥፎ ነበር።

በቀይ ብዕር ታርሟል፤ ማን በትክክል እንዳነበበላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። መምህር አይደሉ? «ግለሰቦች» የሚለው በመጣበት ሁሉ ተሰርዟል፤ ከላዩ በዚያ ጉንዳን በሄደበት ጽሑፍ «ኢህሳን፣ ሐቦባ» ተብሏል። «ምንነቱ ያልታወቀ ነገር» ተሰርዞ «ከወል» ተብሏል። የተጠመዘዘች «ቀ»ዬ ባለችበት ሁሉ ትንሽ ክብ ተደርጎባታል፤ እጄን ከመጀመሪያውም አውቀውታል። መጨረሻው ላይ፣ እንደ ማንኛውም ተማሪ ወረቀት፣ ውጤት አለ። ከአሥር ሰባት። ከስሩ አንድ ቃል፤ «ቀጥል።»

እማዬ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው ብላ መጣች። አነበብኩላት፤ መጽሐፉንም ደብዳቤውንም። መጽሐፉን ከእጄ ተቀበለችኝና ፊቷን ሳታጨማድድ ከአፍንጫዋ አስጠጋችው፣ ቆየች፤ ስትመልስልኝ «ሁለተኛ ገመድ ላይ እንዳታሰጪው» ብቻ አለችኝ።

ቦሌ ሚካኤል ናቸው ተብሎ ደጋግሜ ሄጃለሁ፤ አንዴ እማዬም አብራኝ መጥታ ሱዳኖች በሚሰበሰቡበት ሱቅ ሁሉ በአረብኛ እየጠየቀች ዞረናል። አንዱ ካይሮ ሄደዋል አለን፣ ሌላዋ ካምፓላ፤ አንዲት ሴት ደግሞ ሐቦባ ታመው ነበር አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። የእትዬ አስካለ ግቢ ዛሬ ለሕንፃ መሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ሰሚት ውሃው በቤት ውስጥ ስለሚመጣ ጄሪካን የሚያሰልፍ የለም፤ ጎረቤቶቼን አላውቃቸውም፣ ማን ምን እንደሚያበስል አይሸተኝም፣ በሬን ስዘጋ ሁሉም ነገር ከውጭ ይቀራል። ገዢው ሹም ጄሪካኑን ከፊት ያስቀምጣል ብዬ ስፈርድ ከሆዳቸው የሚስቁልኝን ሰው በሦስት መስመር ሸጥኳቸው፤ በምላሹ ያገኘሁት ደራሲ የሚል ስም ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌያለሁ፣ ትምህርት ቤት ዘጠኝም አሥርም አግኝቻለሁ። የምኮራበት ግን ሰባቱ ነው፤ እሱም ያቅረኛል።

ለቅዳሜው ግን ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም፣ እንቅልፍ ሁሉ እምቢ ብሎኛል። ስለዚህ ኑ። የክበቡ ልጆች አዳራሹን አቋርጦ ገመድ እንዲወጠር ፈቅደውልኛል፤ ስለተገዙና ስለተሰደዱ ሰዎች የተጻፉ የቤተ መጻሕፍቱ ልብ ወለዶች በመቆንጠጫ ይሰጣሉ፣ የወደዳችሁትን አውርዳችሁ ተዋሱ፤ ስትመልሱ ከየትኛው ሰው ጋር ቧንቧ እንደማትጋሩ ትነግሩኛላችሁ። ሽፋን የሌለው ገመዱ ላይ አይወጣም፣ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ማሽተት ይቻላል። የተመረጠውን ጽሑፌን ከማንበቤ በፊት ያንን ደብዳቤ ከነእርማቱ አነባለሁ፤ ስማቸው ያለበትን ቦታ በጣቴ እያሳየሁ። ወንበር በቂ ነው። ፊት ረድፍ ላይ ሁለቱን በእማዬ ሻርፕ ይዤአቸዋለሁ፤ እነሱ ላይ ብቻ አትቀመጡ።